የሎሬንዝን ሥርዓት ፓራሜትሮች በግራዲየንት መለየት፦ ረጅም መረጃ ለምን ያስቸግራል?

ጥያቄ፦
እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመውን የሎሬንዝ ሥርዓት (ለጥቃቅን የመነሻ ልዩነቶች እጅግ ስሱ የሆኑ ሦስት እኩልታዎችን) ወስጄ፣ የሦስቱንም ተለዋዋጮች ልኬት በመጠቀም፣ ፓራሜትሮቹን (በእኩልታዎቹ ውስጥ ያሉትን ቋሚ ቁጥሮች) በግራዲየንት፣ ማለትም ፓራሜትሮቹ ሲለወጡ ስሕተቱ በምን ያህል እንደሚለወጥ በሚያሳየው ልኬት፣ ለመገመት እየሞከርኩ ነው። መረጃው 2 የጊዜ አሃድ ብቻ ሲሆን ስሌቱ ወደ ትክክለኛዎቹ 10፣ 28 እና 8/3 ይጠጋል፤ ወደ 20 ሳረዝመው ግን ግራዲየንቱ እጅግ ይገዝፍና ግምቱ መያዣ መጨበጫ ያጣል። መረጃ ሲበዛ ግምቱ መሻሻል አልነበረበትምን?

መልስ፦
ግራዲየንቱን በትክክል አስልተውት ይሆናል፤ ችግሩ ከሥርዓቱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። በእነዚህ ፓራሜትሮች ትልቁ የሊያፑኖቭ ቁጥር (ጥቃቅን ልዩነቶች በጊዜ የሚያድጉበት ፍጥነት) 0.9 ገደማ ስለሆነ፣ ጥቃቅን ልዩነቶች በ20 አሃድ ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች እጥፍ ያድጋሉ። የስሕተት ፈንክሽኑም (ስሌቱ ከልኬቱ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው) በጠባብ ጉድጓዶች ይሞላል፤ የእርምጃውን መጠን ማሳነስ ብቻውን አያወጣዎትም። እኔ የምመርጠው መረጃውን ባለ 0.5 አሃድ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ የየክፍሉን መነሻ ሁኔታ ከፓራሜትሮቹ ጋር አብሮ መገመትና፣ የአንዱ መጨረሻ ከቀጣዩ መነሻ እንዲገጥም ቅጣት (ሳይገጥም ሲቀር ስሕተቱን የሚያሳድግ ቁጥር) መጨመር ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ይህ ግን 40 ክፍሎች፣ ማለትም 120 አዳዲስ ያልታወቁ ቁጥሮች ማለት ነው። ግራዲየንቱን ከመጨረሻው ጊዜ ወደኋላ የሚያሰላውን የአድጆይንት ዘዴ ልጠቀም?

ሌላ መልስ፦
አያስፈልግዎትም። እያንዳንዱ ክፍል የሚመካው በራሱ 3 መነሻዎችና በጋራዎቹ 3 ፓራሜትሮች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የትብነት እኩልታዎቹን (መነሻዎቹና ፓራሜትሮቹ ሲለወጡ ውጤቱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚገልጹትን) ከሥርዓቱ ጋር ወደፊት ማስላት ይበቃል። አድጆይንት የሚያዋጣው ፓራሜትሮቹ በመቶዎች ሲቆጠሩ ነው። ይልቅ ለቅጣቱ ክብደት ይጠንቀቁ፤ በአነስተኛ ጀምረው ቀስ በቀስ ያሳድጉት፣ ገና ከጅምሩ ካከበዱት ያው የቀድሞው ችግር ይመለሳልና።