በሱሉልታ ከፍታ የሚፈላ ውሃ ለአክሪሊክ ተነቃይ ጥርስ ይበቃል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኘው ሱሉልታ በአንድ አነስተኛ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። በሙቀት በሚጠነክር አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) የምንሠራው የታችኛው ተነቃይ ጥርስ ወፍራም ክፍሉ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታዩበታል፤ የላይኛው ቀጭን የላንቃ ክፍል ግን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። መመሪያው በ74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ በ100 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ቀቅሉ ይላል፤ እዚህ ግን ውሃው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላና ከዚያ አያልፍም። መብራትም ስለሚቆራረጥ ፍላስኩ (አክሪሊኩ በጀሶ ውስጥ የሚታሸግበት ሣጥን) በቀጥታ በፈላ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ቀዳዳውን ያመጣው የውሃው ሙቀት ማነስ ይሆን? አንድ ባልደረባዬ በግፊት ድስት እንቀቅለው ባይ ነው። ጥንካሬውንስ ያለ ውድ መሣሪያ መፈተሽ ይቻላል?

መልስ 1፦
ቀዳዳውን የሚያመጣው የሙቀት ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። በአክሪሊኩ ዱቄት ውስጥ ያለው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ (ማጠንከሩን የሚያስጀምረው ኬሚካል) ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይፈርስና ሞኖመሩ (ከዱቄቱ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ) መያያዝ ይጀምራል፤ ይህ ሂደት ራሱ ሙቀት ያመነጫል። አክሪሊኩም ዙሪያውን የያዘው ጀሶም ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፉ፣ ፍላስኩ በድንገት በፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ የወፍራሙ ክፍል ውስጠኛው ሙቀት ከውሃው ሙቀት አልፎ ይሄዳል። ሞኖመሩ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100.8 ዲግሪ ነው፤ በእናንተ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል የእሱም መፍያ እንደ ውሃው ይወርዳል። ስለዚህ ያልተያያዘው ሞኖመር ውስጥ ለውስጥ ይፈላና እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ቀጭኑ ላንቃ የሚተርፈው ሙቀቱን ወደ ጀሶው ቶሎ ስለሚለቅ ነው። በ74 ዲግሪ የሚቆይበትን ደረጃ መዝለል የለባችሁም፤ መብራት የማያስተማምን ከሆነ በጋዝ ምድጃና በቴርሞሜትር መሥራት ይሻላል። ቀዳዳው በቀጭኑም በወፍራሙም ክፍል እኩል ቢታይ ኖሮ ግን ድብልቁን (በመጠን 3 እጅ ዱቄት ለ1 እጅ ፈሳሽ) ወይም ሊጡ ሳይደርስ መታሸጉን እጠረጥር ነበር።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም 91 ዲግሪው ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። የመጨረሻው መቀቀል ዓላማው የተረፈውን ሞኖመር ማሟጠጥ ነው። አይኤስኦ 20795-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሙቀት ለሚጠነክር አክሪሊክ የሚፈቅደው ቀሪ ሞኖመር ቢበዛ በክብደት 2.2 በመቶ ነው፤ ከዚህ ሲበልጥ የተነቃይ ጥርሱ መደብ (ጥርሶቹን የሚይዘው አክሪሊክ) ይለሰልሳል፣ የታካሚውንም የአፍ ሥጋ ሊያስቆጣ ይችላል። በእናንተ ዘንድ የሚያዋጣው የመጨረሻውን ደረጃ ከ1 ሰዓት በላይ ማራዘም ነው፤ ደጋ ላይ ባቄላ የሚቀቅል ሰው የሚያደርገውን ማለቴ ነው። የግፊት ድስቱን ግን አልደግፍም፤ ይህ ፕላስቲክ በ105 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር የመጣመም አደጋ አለው። ፍላስኩንም ከፈላው ውሃ እንዳወጣችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትክተቱት፤ በጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ይብረድ።

መልስ 3፦
ስለ ፍተሻው እኔ ልጨምር። ለቀዳዳው፣ ወፍራሙን የሙከራ ቁራጭ በመጋዝ ቆርጣችሁ ካለሰለሳችሁ በኋላ ቀለም ቀብታችሁ ጥረጉት፤ ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ለጥንካሬው፣ ከላይ የተጠቀሰው የአይኤስኦ ደረጃ የሚጠይቀው 64 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 10 ስፋትና 3.3 ውፍረት ያለው ዘንግ ነው፤ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 50 ሰዓት ከቆየ በኋላ 50 ሚሊ ሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሐሉ ላይ ይጫናል። የሚፈለገው ዝቅተኛ የመታጠፍ ጥንካሬ 65 ሜጋ ፓስካል ሲሆን፣ በዚህ መጠን ሲሰላ ወደ 94 ኒውተን፣ ማለትም 9.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። መሐሉ ላይ ጀሪካን አንጠልጥላችሁ ዘንጉ እስኪሰበር ውሃ በቀስታ ጨምሩና ጀሪካኑን ከነውሃው መዝኑት።

በመሣሪያ ሲፈተሽ የመጫኛው ፍጥነት በደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ስለሚቆጣጠሩት የጀሪካኑ ውጤት የብቃት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ በቀጥታ የተቀቀለውንና በ74 ዲግሪ የቆየውን ለማወዳደር ግን ይበቃል። ቀሪ ሞኖመርን በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም፤ ለእሱ እንደ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያለ የላቦራቶሪ መለኪያ ያስፈልጋል፣ በማሽተት መገመትም አያስተማምንም። ዘንጎቹን አሸዋ ወረቀት ከመታችሁ በኋላ ውፍረታቸውን በካሊፐር ለኩ፤ ውፍረቱ በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ 3.3 የነበረው 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ዘንጉ ሊሸከም የሚገባው ጭነት ወደ 8 ኪሎ ግራም ይወርዳል።