ሰፈር ለሚሰንድ ጀማሪ፦ ካሜራ፣ ሜሞሪ፣ የፎቶ ማተሚያ ላብ (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ በሰው ካሜራ ነው የምሠራው። አሁን ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ሊፈርስ ስለሆነ ጎረቤቶቼን በፎቶ መሰነድ ጀምሬያለሁ፤ ለጊዜው በስልክ ነው። ያገለገለ ካሜራ ልግዛ ወይስ እየተከራየሁ ልሥራ? ህትመትስ የት ይሻለኛል? አዲስ አበባ ነኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኪራይ ለሰርግ ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ሒሳቡንም ሙሽራው ይሸፍነዋል። ጎረቤትህ መቼ ዕቃቸውን እንደሚጭኑ ግን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም። ስለዚህ ግዛ። ብቻ ገንዘብህን ሁሉ ካሜራው ላይ አትጨርስ፤ ለማስቀመጫ አትርፍ።

ካገለገሉት ውስጥ እኔ ኒኮን ዲ750ን አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም (ሰፊ ሴንሰር ያለው) ነው። ዋናው ነገር ሁለት የሜሞሪ ማስገቢያ ስላለው አንዱን ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ትችላለህ። ካኖን 6ዲም አይከፋም፤ ሰርግ አንሺው ብዙው ካኖን ስለሚይዝ ሌንስ መዋዋስ ይቀላል። ግን ማስገቢያው አንድ ነው። ካርዱ ቢበላሽ የፈረሰውን ቤት ተመልሰህ አታነሳውም። ሶኒ ኤ6000 ትንሽ ስለሆነ መንገድ ላይ የሰው ዓይን አይስብም፤ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል።

ቦሌና መገናኛ ያሉ ሱቆች ዋጋቸው ከቴሌግራም ሻጭ ይወደዳል፣ ግን ችግር ቢመጣ ተመልሰህ የምታንኳኳው በር አለ። ከቴሌግራም ከሆነ ሻጩን ካፌ ቀጥረው፣ እዚያው አንድ ፎቶ አንሳና ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ክፈት። ኒኮን ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። የዲ750 ሹተር የተፈተነው ለ150,000 ፎቶ ነው፤ ሰርግ ሲዞር የኖረ ካሜራ ይህን አልፎ ልታገኘው ትችላለህ። ሻጩ «ብዙም አልተሠራበት» ሲልህ ቁጥሩን እመን።

ሜሞሪ በርካሽ ከገዛህ ተጠንቀቅ። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ የዚያን ሩብ የማይዝ አለ፣ ደግሞ ሞልቶም ዝም ብሎ መቅዳቱን ይቀጥላል። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ጥግ ድረስ ሞልተህ መልሰህ ክፈተው።

ላብን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በሰርግ አልበም ስለሆነ እጃቸው ማሳመር ለምዷል። ቆዳ ያለሰልሳሉ፣ ጥላውን ያፈኩታል። እኔ አንድ ላብ የሰጠሁት የአንዲት እናት ፎቶ የግንባራቸው መስመር ጠፍቶ፣ ከኋላቸው ያለው ጥቀርሻ የጠገበ ግድግዳ ነጥቶ መጣልኝ። ለሙሽራ ቢሆን ባመሰገንኳቸው! «ኤዲት እንዳይነካ» ብለህ ትእዛዙ ላይ አስጽፍ፣ መጀመሪያም አንድ ትንሽ አሳትመህ እይ። ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ይሻልሃል። ሸራ ላይ ማሳተሙን ተወው፣ ለሳሎን ነው። ጥሩ ህትመት ምን እንደሚመስል ለማየት ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ሲዘጋጅ አያምልጥህ።

ሌላ መልስ፦ በላቡ ነገር እስማማለሁ፣ እኔም ተቃጥያለሁ። አንድ ልጨምር፦ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላክላቸው። ይጨምቀዋል፣ መቼና በምን ካሜራ እንደተነሳ የሚናገረውንም መረጃ ያስቀረዋል። እንደ ፋይል ላከው። ጎግል ድራይቭ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ለሮው (ካሜራው ሳያቀናብር ለሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል) የትም አይደርስም፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ ያዝና አንዱን ዘመድ ቤት አስቀምጥ። ኦሪጅናሉን እንዳትሰርዝ። ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ላይ ወደ መጨረሻው ዙር ከደረስክ ያልተነካውን ፋይል ይጠይቁሃል። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2014 የፑሊትዘር (የጋዜጠኝነት ሽልማት) ተሸላሚ ከሆነ ፎቶ አንሺ ጋር የተቆራረጠው፣ ሶርያ ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የሚታየውን የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ በኤዲት ስለሰረዘ ነው።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልን። ጎረቤቶቼን ለማንሳት ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ አደባባይ ማሳየትንም መሸጥንም ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ በአደባባይ ለተፈጸመ ወይም ሕዝብን ለሚመለከት ጉዳይ በር ይከፍታል። ዶዘሩ ቆሞ ሰው ተሰብስቦ ያነሳኸው እዚህ ሊገባልህ ይችላል። ቤታቸው ገብተህ ያነሳሃቸውን እማማን ግን ፎቶው የት እንደሚወጣ ነግረህ አስፈቅዳቸው። አንድ ህትመትም ስጣቸው፣ ሳይሄዱ።