የጎረቤት የዓሣ ኩሬ ሞተር ሌሊት እንቅልፍ ነሳን፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ባለ አጥር (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ከጎረቤታችን ጋር የምንለያየው በአንድ የብሎኬት አጥር ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ፣ በዕድራችን የተከበሩ አባት ናቸው። ከአጥሩ ሥር አነስተኛ የዓሣ ኩሬ አሠርተው፣ ከተደረደረ ድንጋይ ላይ ውኃ የሚወርድበት ፏፏቴም ጨምረውበታል። ለዓይን ያምራል፤ አልዋሽም። ችግሩ ሌሊት ነው። የእናቴ መኝታ ቤት ለአጥሩ በጣም ቅርብ ነው። አንዱ ድምፅ የውኃው መውረድ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ያለማቋረጥ እምምም የሚል ነው። መስኮት ስንዘጋ የውኃው ይቀንሳል፤ እምምታው ግን እንዳለ ይቀራል። እናቴ እስኪነጋ የምትተኛው መብራት የጠፋ ሌሊት ብቻ ሆኗል። ጉዳዩን ሳነሳባቸው «ማታ ካጠፋሁት ዓሣዎቹ ያልቁብኛል» አሉኝና ዝም አልኩ። መካሰስ አልፈልግም። መላ ያላችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ፓምፕ ጠጋኝ (አዳማ)

እህቴ፣ መስኮት ተዘግቶም የማይቀንሰው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአጥሩና በመሬቱ በኩል ነው። ለማረጋገጥ ሌሊት ጆሮሽን ከግድግዳው ላይ አስደግፊ። እምምታው ከጎላ ንዝረት ነው።

ከፏፏቴው ፓምፕ በፊት የምጠረጥረው ለዓሣዎቹ አየር የሚነፋውን ትንሽ መሣሪያ ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚርገበገብ ማግኔትና ስስ ላስቲክ አለ። ብዙ ሰው በሚስማር አጥሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ ያን ጊዜ አጥሩ በሙሉ አብሮት ይጮኻል። ከአጥሩ አውርዶ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ በወፍራም ስፖንጅ ወይም ከጎሚስታ ቤት በተገኘ የጎማ ቁራጭ ላይ ማስቀመጥ ነው። በጨርቅ መጠቅለል ግን አይገባም፤ ይግልና ይቃጠላል። የአየር ቱቦውን አስረዝሞ ወደ ሌላው የግቢው ጥግ መውሰድም ይቻላል። አንድ አደገኛ ነገር ግን አለ፦ መሣሪያው ከኩሬው ውኃ በታች ከተቀመጠ፣ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ኤሌክትሪኩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከውኃው ከፍታ በላይ ይሁን፤ ካልሆነም ቱቦው ላይ ውኃ የማይመልስ ቫልቭ ይግባለት።

ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ፓምፕም በቀጥታ ሲሚንቶው ላይ ካረፈ ይነዝራል፤ ከሥሩ ጎማ ይነጠፍለት። ከፓምፑ የሚወጣው ጠንካራ ቧንቧ አርማታ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ ተጣጣፊ ቱቦ ይቀጠልበት። የሚንቦቀቦቅ ድምፅ ካለ የውኃው መጠን ወርዶ አየር እየሳበ ነው፤ ወይም ማጣሪያው በቅጠል ተደፍኗል።

መልስ፦ ዓሣ አርቢ (ባሕር ዳር)

ለአባትዬው ልመስክርላቸው፤ ስጋታቸው እውነት ነው። በኩሬው ያለው አረንጓዴ አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይወስዳል። ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሣዎቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ከውኃው በላይ እየከፈቱ ከታዩ ምልክቱ እሱ ነው። በእርግጥ አምባዛ ከላይ አየር መሳብ ይችላል፣ ቆሮሶም የኦክስጅን እጥረትን ከብዙ ዓሦች የተሻለ ይቋቋማል። በጠባብ ኩሬ ተጨናንቀው ካሉ ግን አይታመንም።

ስለዚህ «አጥፉት» አትበያቸው። የአየር መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፤ ማታ ማረፍ ያለበት ፏፏቴው ነው። ያው ፓምፕ ውኃውን በማጣሪያም የሚያዞር ከሆነ ማጥፋት አይቻልም፤ ማጣሪያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ያኔ በቫልቭ የማታውን ውኃ ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከውኃው ወለል በታች እንዲመለስ ማድረግ ነው። ያም ካስቸገረ፣ ውኃው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ እንዲወርድ ቢደረግ ከከፍታ ከመውደቁ ይልቅ ድምፁ በጣም ይቀንሳል።

መልስ፦ ጠበቃ

ባትጠቀሚበትም መብትሽን እወቂ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት በይዞታው ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ንዝረት በስሙ መጠቀሱን ልብ በይ። ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምፅ መጠን ደረጃም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በስልክ የሚለካው ለራስሽ ግንዛቤ እንጂ ለማስረጃ አይበቃም። ቀንና ሰዓቱን እየመዘገብሽ ቆዪ፤ ካልተስማማችሁ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቺ።

መልስ፦ የሰፈር እናት

ጠበቃው ትክክል ነዎት፤ ግን በአንድ ዕድር ያሉ ሰዎች በወረዳ ወረቀት ከተገናኙ በኋላ በለቅሶ ቤት እንዴት አብረው ይቀመጣሉ? ልጄ፣ እሳቸውን ማታ ቡና ጥሪያቸው። ቡናውንም እናትሽ መኝታ ቤት አጠገብ አፍዪው። ስለ ድምፁ ሳታነሺ ይቀመጡ፤ በገዛ ጆሯቸው ይስሙት። ሰውየው እኮ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ምን እንደሚሰማሽ አያውቁም።

ባለ አጥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቡናው ሠራ። ገና ሁለተኛው ሳይቀዳ «ይህ የእኔ ነው እንዴ?» አሉ። የአየር መሣሪያው እንደተባለው አጥሩ ላይ በሚስማር ተሰቅሎ ነበር፤ ራሳቸው አውርደው ጎማ ላይ አስቀመጡት። እምምታው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ፏፏቴውንም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለማሳረፍ ፈቅደዋል፤ ማጣሪያው ለብቻው ፓምፕ አለው። አሁን የቀረው፣ ጠዋት ፏፏቴው ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማ የብረት መፋጨት የመሰለ ድምፅ ነው።

ፓምፕ ጠጋኝ

እሱ የፓምፑ ኩሽኔታ መበላቱን ያሳያል፤ ወይም አሸዋ ገብቶበታል። ከመክፈታቸው በፊት መሰኪያውን ይንቀሉ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ውኃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ አውጥተው በንጹሕ ውኃ ይጠቡትና በእጅ ያዙሩት። ከታጠበ በኋላም ወደ ጎንና ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ይለወጥ። እስከዚያው ሰዓት ቆጣሪውን ከንጋቱ 12 ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቢያዘገዩት እናትሽ አይሰሙትም።