ጥቆማ፦ ፕሪሚቲቮ ወይስ አልያኒኮ? ከደቡብ ጣሊያን ቀይ ወይን የቱን ልግዛ ላላችሁ

ሰሞኑን አንዷ «ለሥራ ባሪ ልሄድ ነው፣ ከዚያ አካባቢ ምን ቀይ ወይን ይዤ ልመለስ?» ብላ ጠይቃ መልሱ ሁሉ «ፕሪሚቲቮ» ሆነ። እኔ ሮም ስኖር ቆይቻለሁ፣ ፕሪሚቲቮንም አልያኒኮንም (ሁለቱም በወይን ፍሬያቸው ስም ነው የሚጠሩት) ብዙ ጠጥቻለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቃወም።

ፕሪሚቲቮ መጥፎ ነው አላልኩም። ስሙም የወጣለት ከሌላው ቀድሞ ስለሚበስል ነው። ባሪ ባለችበት በፑሊያ ክልል፣ ማንዱሪያ አካባቢ፣ ቀይ አፈር ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ፣ ነሐሴ ሲያልቅ ለቀማው ይጀመራል። ፍሬው ስኳር ይጠግባል፣ ስኳሩ ደግሞ አልኮል ይሆናል። የማንዱሪያው ፕሪሚቲቮ በደንቡ ከ13.5 በመቶ በታች መሆን አይችልም፣ ብዙውን ጊዜም 14ን ያልፋል። አሜሪካ ያላችሁ ዚንፋንዴል የምትሉት ወይን በዘረመል ምርመራ ሲታይ ያው እሱ ነው። ለስላሳ ነው፣ የእንጆሪ ማርማላታ ይሸታል፣ ደረቅ ሆኖ እንኳ ምላስ ላይ ይጣፍጣል። በአክሱማይት ለጀመርን ሰዎች ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ የለም። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ በትንሽ ዩሮ ታገኙታላችሁ። በቃ፣ የሱ ነገር ይኸው ነው።

የኔ ጥቆማ አልያኒኮ ዴል ቩልቱሬ ነው። ከባሪ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ውስጥ ስትነዱ ፑሊያ ያልቅና ባዚሊካታ የሚባለው ክልል ይጀምራል። ሜዳው ያልቃል፣ ዳገት ይመጣል፣ ከፊታችሁ ቩልቱሬ የሚባለው ተራራ ብቻውን ቆሞ ታዩታላችሁ። ከፍታው 1,326 ሜትር ነው። ከመቶ ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን አፉ የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ የሞንቲኪዮ ሁለት ሐይቆች ተኝተውበታል። ቢሾፍቱ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ወይኑን ወይን ያደረገው ይህ ተራራ ነው። አፈሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፣ ሥሩ ደግሞ ቱፎ የሚሉት ለስላሳ ድንጋይ አለ። የክረምቱን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቆይቶ በበጋው ድርቅ ለወይኑ ሥር ይሰጠዋል። ቀን ፀሐይ ይጠብሳል፣ ማታ ግን ጃኬት ያስለብሳል። በዚህ ምክንያት ፍሬው አይቸኩልም። ፕሪሚቲቮ ተለቅሞ፣ ተጠምቆ፣ በርሜል ከገባ በኋላ እንኳ አልያኒኮ ገና ዛፉ ላይ ነው፤ የሚለቀመው ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ኅዳር ሊገባ ሲል። ደቡብ ጣሊያን ሲባል ሙቀት ብቻ ለሚመስለው ሰው ይሄ ግራ ያጋባል። ብርድ የቀመሰ የደቡብ ወይን ነው።

አሁን እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ስቀምሰው ጠልቼዋለሁ። አንድ ምግብ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ በሐምሌ ሙቀት ገና የአንድ ዓመት የሆነውን ወይን እንደሞቀ ከፍተው ቀዱልኝ። ያልበሰለ ሙዝ የገመጥኩ ነው የመሰለኝ። ድዴ፣ ምላሴ፣ ጉንጬ ሁሉ ደርቆ ተያያዘ። ታኒን የሚሉት እሱ ነው፣ አልያኒኮ ደግሞ ሞልቶታል፣ ኮምጣጣነቱም ቀላል አይደለም። ግን በርጅና ይገራል። ስድስት ሰባት ዓመት የቆየው ሲከፈት ደረቅ ቼሪ፣ ቆዳ፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፤ ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር ከሥጋ ስብ ጋር ሲገናኝ የት እንደገባ አይታወቅም።

ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የምርት ዘመኑን እዩ። ጠርሙሱ ላይ «ሱፔሪዮሬ» ካለ ሦስት ዓመት ያህል ሳይቆይ ገበያ አይወጣም፣ «ሪዜርቫ» ከተጨመረበት አምስት። ተራው አልያኒኮ ዴል ቩልቱሬ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ስም ነው፣ ሱፔሪዮሬው ከፍ ያለውን ደረጃ ያገኘው በ2010 ነው።

ከማን? በጀት ለሚቆጥር እዚያው ተራራው አካባቢ ያለችው የቬኖሳ ከተማ ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፣ በ1957 የተቋቋመ የገበሬዎች ማኅበር ነው። «ቴሬ ዲ ኦራዚዮ» የሚለውን ያዙ፣ «የሆራስ ምድር» ማለት ነው። የሮማው ባለቅኔ እዚያ ነው የተወለደው፣ ከተማው እስከ ዛሬ ይኮራበታል። በዋጋ መሀል ላይ ፓተርኖስተር አለ፣ ከ1925 ጀምሮ ባሪሌ ላይ ናቸው፤ ለበዓል ከሆነ «ዶን አንሰልሞ» የሚሉትን ጠይቁ። ሪዮኔሮ ላይ ካንቲኔ ዴል ኖታይዮ አለ፣ ወይኖቹን «ፊርማ»፣ «መዝገብ»፣ «ማኅተም» እያለ በውልና ማስረጃ ቋንቋ ነው የሰየማቸው፣ ገና ስሙን ሳነብ ሳቅኩ። የኤሌና ፉቺ «ቲቶሎ» ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ግን ውድ ነው፣ ለአማት የሚሰጥ ስጦታ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ባሪሌን ራሷን እዩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአልባኒያ የተሰደዱ ሰዎች የሰፈሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ኮረብታው ላይ ቱፎው ተፈልፍሎ የወይን ማስቀመጫ ዋሻ ተደርጓል፣ የእንጨት በሮቹ ተደርድረው ይታያሉ። ውጭ ላብ እያጠመቃችሁ ገብታችሁ ትበርዳላችሁ።

ከምን ጋር ይጠጣ ለሚለው፦ ከዶሮ ወጥ ጋር አይሆንም! ለፋሲካ ሞክሬው ጉድ ሆኛለሁ። በርበሬውና ታኒኑ ተጋግዘው አፍ አቃጠሉ፣ አክስቴም «ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ?» ብላ ብርጭቆዋን ገፋችው። በማግስቱ የተረፈውን ከበግ ጥብስ ጋር ስንጠጣው ግን ሌላ ወይን ሆነ፣ እሷም ደገመች። ለዶሮ ወጥ ከሆነ ከዚያው ከፑሊያ፣ ከሳሌንቶ፣ ኔግሮአማሮ ከሚባለው ፍሬ የተሠራ ሮዜ (ፈካ ያለ ቀይ ወይን) ግዙና ፍሪጅ አስገቡት። አልያኒኮን ለጥብስ፣ ለጎድን፣ ሚጥሚጣው ላልበዛ ቁርጥ አስቀምጡት። በጥቅምት የሚለቀም ወይን መቼም ከአጥንት ጋር ነው የሚሄደው።

ከመጠጣታችሁ ሁለት ሰዓት በፊት ጆግ ውስጥ ገልብጡት፣ በጋ ከሆነ ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ።

ጠርሙሱ ሥር አተላ አለው፣ ተበላሽቷል ወይ ላልሽኝ እህቴ፦ አልተበላሸም፣ የቆየ ወይን ይዘቅጣል። ከመክፈትሽ በፊት አንድ ቀን አቁመሽ አሳድሪው፣ ስትቀጂ ቀስ በይ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ጣት ያህል ተዪው። እኔ እሱንም አልደፋም፣ ጥብሱ ላይ ነው የማደርገው።