የገንዳው በር አልዘጋ አለኝ፣ ኢንስፔክተሩ ቅዳሜ ይመጣል!

ባለገንዳው፦ ወገን ድረሱልኝ። የጓሮው መዋኛ ገንዳ አጥር በር ራሱ መዘጋት አለበት አይደል? ለቀቅ ሳደርገው ይመጣና ሁለት ጣት ሲቀረው ቀጥ ይላል። ሞላው ሞቷል። ጠንካራ ሞላ የት ይሸጣል? ፎቶ ለጥፌያለሁ።

ሳቂታ፦ ገንዳውን ድፈንና ጎመን ዝራበት። ክሎሪን የለ፣ ኢንስፔክተር የለ።

እናት ነኝ፦ የት አገር ነህ? ሕጉ እኮ ይለያያል።

ባለገንዳው፦ ይቅርታ፣ አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር፣ ሜልበርን። ሰፈሬ ዌሪቢ።

ጋሽ ልምድ፦ ስማ ልጄ፣ አጥሩ ካውንስሉን (የአካባቢውን አስተዳደር) ደስ እንዲለው አይደለም የታጠረው። ሕፃን ሲሰምጥ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ቪክቶሪያ ውስጥ ከ30 ሴንቲ በላይ ውሃ የሚይዝ ገንዳ ሁሉ አጥር ግድ ነው፣ የሚነፋው የልጆች ገንዳ ሳይቀር። በየ4 ዓመቱም ይታያል። እስከ ቅዳሜ ምን አስበህ ነው የተቀመጥከው?

ባለገንዳው፦ በሽቦ አስሬዋለሁ ጋሼ።

ካቻቢቴ፦ ሞላ አትግዛ። የብዙዎቹ ማጠፊያ ሞላው ውስጡ ነው። አናቱ ላይ በካቻቢቴ የሚዞር አለ፣ ትንሽ አጥብቀው። ከዚያ ሙሉ ከፍተህም፣ ገርበብ አድርገህም ልቀቀው። ከየትም ቢለቀቅ ራሱ መቆለፍ አለበት።

ባለገንዳው፦ አጠበቅኩት። አሁን ድው ብሎ ይመታና ተመልሶ ይከፈታል!

ማሞ ቂሎ፦ ማጠፊያውን በካቻቢቴ አጥብቀው።

ካቻቢቴ፦ ኧረ አንብብ እንጂ!

አናጢው፦ ሞላው ምን በደለ? ምሰሶው ነው ዘመም ያለው። የዌሪቢ አፈር ያው የኛ ዋልካ ነው፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የመቀርቀሪያው ምላስ ላይ ሊፒስቲክ ቀብተህ ዝጋው፤ የት እንደሚመታ ቀዩ ይነግርሃል። ከዚያ የምሰሶውን መያዣ ብሎን ፈትተህ ወደ ቀዩ አምጣው። መክፈቻው ግን ከመሬት 1.5 ሜትር በታች እንዳይወርድ።

ሳቂታ፦ የሚስቱን ሊፒስቲክ ከሚነካ ኢንስፔክተሩ ይሻለዋል።

እናት ነኝ፦ በሩ ብቻ መስሎህ ነው? ፎቶው ላይ አጥሩን ተደግፎ ጤና አዳም የተተከለበት በርሜል አያለሁ። ለ3 ዓመት ልጅ ደረጃ ማለት ነው! ከአጥሩ ውጪ በ90 ሴንቲ ውስጥ የሚወጣበት ነገር አይፈቀድም። እኔን ፍተሻው ላይ የጣለኝ በር ሳይሆን የፕላስቲክ ወንበር ነው። ደግሞ ቢጥልህም ጉዳቱ አጣዳፊ ካልሆነ እስከ 60 ቀን የማስተካከያ ጊዜ ሊሰጥህ ይችላል። ካለፍክ የማለፊያ ወረቀቱን በ30 ቀን ውስጥ ለካውንስሉ አስገባ፣ በራሱ አይሄድም።

ባለገንዳው፦ በርሜሉን እኔ ብቻዬን አላነሳውም። አናጢው፣ ሊፒስቲኩ የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው የታተመው፣ መያዣውን ዝቅ ነው ከፍ የማደርገው?

አናጢው፦ ከፍ። በሩ ሳይሆን ምሰሶው ነው የወረደው።

እናት ነኝ፦ ሰኞ ሆነ እኮ። አለፍክ?

ሳቂታ፦ በርሜሉ ሥር ፈልጉት።