የሃምሳ አለቃ ስም ለሰፈራችን መንገድ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ሰላም የደሴ ልጆች። ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸውን ሃምሳ አለቃን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፣ ነፍስ ይማር። ከቀብር መልስ ቅሬው (እድሩ) ላይ አንድ ሃሳብ ተነስቶ ሰው ለሁለት ተከፍሏል፣ ወደ ቤታቸው የሚያስገባው ኮብልስቶን በስማቸው እንዲጠራ ለማዘጋጃ ቤት እናመልክት ወይስ አናመልክት ነው ነገሩ። እኔ እናመልክት ባይ ነኝ። ሰውየው በ69 ታጠቅ ሰልጥነው ኦጋዴን የዘመቱ፣ ካራማራ ላይ እግራቸውን የተመቱ፣ ከዛ ፖሊስ ሆነው እስከ 83 እዚሁ ደሴ ትራፊክ የሰሩ፣ መንግስት ሲለወጥ ያለ ጡረታ ተሰናብተው በሱቅ ዘበኝነት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ይሄ ሁሉ አንድ ታፔላ አይገባውም እንዴ?

ሹፌሩ፦
ይገባዋል እንጂ! እኔ ያኔ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ሃረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁል ነው፣ ጉም ከወረደማ ከፊትህ ያለው መኪና አይታይህም። ሃምሳ አለቃ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያስቆሙሃል፣ መንጃ ፈቃድ ምናምን በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ሹፌሩን ፍሬን ርገጥ ይሉትና ጎማው ጋ ጎንበስ ብለው አየሩን ያዳምጣሉ። የሚተነፍስ ከሆነ በቃ አትወርድም፣ ብትለምን ብትገዘት ወይ ፍንክች፣ ጉቦማ አታስበው። አንዴ እህል እንደጫንን ታኮ አስገብተው አሳደሩን፣ ሹፌሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲሳደብ አደረ፣ ጠዋት መካኒክ ሲፈታው የኋላው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ሲፋጭ ነበር። ዛሬ ልጅ አሳድጌ ይሄን የምጽፈው በሳቸው ነው ወላሂ።

የኮምቦልቻዋ፦
አላህ ይዘንላቸው። ሰው ሞቶ ክፉ ማውራት አልወድም፣ ግን ዝም ብል ደግሞ እናቴ ትታዘበኛለች። በ77 የእናቴ ታላቅ ወንድም በግ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ በዛው ነው የቀረው። አፈሳ ነበር፣ ሰፈራ ተብሎ መኪና ላይ አውጥተው ኢሉባቦር ወሰዱት፣ ሚስቱ ቤት ድስት ጥዳ ነበር የምትጠብቀው። ዳግም አላዩትም። ያን ቀን ገበያውን የከበበው ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው። አሁን እናቴን ደሴ ለህክምና ሳመጣት የፖሊስ ስም በተለጠፈበት መንገድ ላሳልፋት ነው? ሃምሳ አለቃ እዛ ነበሩ አላልኩም፣ አላውቅም። ግን እናንተስ እንዳልነበሩ ታውቃላችሁ?

የሸዋ በሩ፦
እህቴ ትራፊክ እኮ ነበሩ፣ ከአፈሳ ጋር ምን አገናኛቸው። እንዲህ ከሄድንማ በደርግ ጊዜ ደሞዝ የበላ ሁሉ ወንጀለኛ ሊሆን ነው፣ አስተማሪውም ነርሱም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች እኔም ያኔ ደሞዝ እበላ ነበር። የሷን ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አትለፉት። በ77 እና 78 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ የተጫነው፣ አብዛኛው የወሎ ሰው ነው፣ በፈቃዱ የሄደ አለ ተገዶ የሄደ አለ። ለኦጋዴን ዘማቾች መታሰቢያ የቆመው የትግላችን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ በደማቅ በዓል የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ነው፣ ልክ ወሎ በረሃብ ሲያልቅ። ስለዚህ የወታደር ክብር ሲነሳ የሚያመው ሰው ቢኖር አይደንቀኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ ይቺን አስቡ። በንጉሱ ጊዜ ከ1943 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ ነበር። ደርግ ሲመጣ ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋችሁ ተብለው ተገፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራን ያስለቀቀው ወታደር ደግሞ በተራው በ83 የደርግ ወታደር ተብሎ ተበተነ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ሲለምን አይተናል። መንግስት በተለወጠ ቁጥር የበፊቱ ዘማች ውለታ እየተሰረዘ ስለሆነ፣ ጎረቤት ካላስታወሰው ማንም አያስታውሰውም።

የሸዋ በሩ፦
ጋሼ ልክ ኖት። እኔ የምለው ግን ታፔላው ይቆይ፣ ባለቤታቸው የቤት ኪራይ አለባቸው እኮ። ብሩን ለሳቸው እናዋጣ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ለባለቤታቸውማ ቅሬው ማዋጣት ጀምሯል፣ የታፔላው ከዛ ላይ አይነካም።

እህቴ የኮምቦልቻዋ፣ ላንቺ ግን የምነግርሽ አለ፣ ደብቄ ባልፈው እሳቸውንም መበደል ነው። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ነግረውናል። አንድ ምሽት ቡና ላይ የ77 ነገር ተነስቶ፣ "እኔም የሰፈራ መኪና አጅቤያለሁ፣ ትእዛዝ ነበር፣ ከመኪናው ላይ ህጻን ሲያለቅስ እየሰማሁ ነው እስከ ከሚሴ የሸኘሁት" አሉ። ትእዛዝ ነበር ብለው ግን ዝም አላሉም፣ እምቢ ያለ ጓደኛ ነበረኝ ታሰረ፣ እኔ አልቻልኩም ልጆች ነበሩኝ አሉን። ሹፌሩ ያወራው ሰውና ይሄ ሰው አንድ ናቸው። በ2014 ከተማው ሲያዝም አልሸሹም፣ የሸሸው ጎረቤት ቁልፉን እሳቸው ጋ ነው የጣለው፣ በሽቦ ሰክተው እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር የባለቤቱን ስም ጽፈው ያዙት፣ ህዳር መጨረሻ ላይ ሰው ሲመለስ አንድ በአንድ እየጠሩ አስረከቡ። የእኛንም ከዛ ሽቦ ላይ ፈተው ነው የሰጡኝ። ስለዚህ የኔ አቋም ስማቸው ይሰጥ፣ ግን ታሪካቸው ሙሉውን ይነገር፣ የ77ቱም ጭምር። ቆርጠን ቆርጠን ጥሩ ጥሩውን ብቻ ካወራንማ የሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚሆነው።

ሹፌሩ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። ከባድ ነው። ግን አሁንም ይሰጥ ባይ ነኝ።

የኮምቦልቻዋ፦
ይሄን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ አንብቤው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ አጅቤ ነበር ብሎ በአፉ የተናገረ ሰው ሰምተን አናውቅም፣ ሁሉም አላየሁም ነው የሚለው። አሁንም ይሰጥ አልልም፣ ሃሳቤ አልተለወጠም። እናቴ ትጠየቅ። ቅሬው ላይ ሴት ገብታ መናገር ከቻለች ይዣት እመጣለሁ፣ የወንድሟን ነገር በራሷ አፍ ትናገር፣ ከዛ በኋላ የፈለጋችሁትን ወስኑ።

ጡረተኛው መምህር፦
ትመጣለች፣ ለምን አትችልም! የቅሬውን ዳኛ እኔ አነጋግረዋለሁ። ማመልከቻውም እሷ ሳትሰማ አይግባ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ተስማምቻለሁ ጋሼ። እህቴ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰአት ነው፣ መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበላችኋለሁ፣ እናትሽ ዳገቱን በእግር እንዳይወጡ ባጃጅ አዘጋጃለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሃምሳ አለቃ በፖሊስ ልብስ የተነሱት ፎቶ ያለው ካለ ይዞ ይምጣ፣ ቤተሰቡ ጋ ያለው በ2014 ጠፍቷል።