የአሮጌ ሞተርሆም የውሃ መልቀቂያ ቫልቮች ያንጠባጥባሉ፤ ይጠገናሉ ወይስ ይቀየሩ?

ጥያቄ፦ አዲሱ ባለሞተርሆም (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። በ1991 የተሠራ ሞተርሆም (አልጋና ኩሽና ያለው የጉዞ መኪና) ከአንድ ጡረተኛ ገዝቻለሁ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ጣሪያውም አያፈስም። ችግሬ ከሥር ነው። ብርዱ አልፎ የንጹህ ውሃ ታንከሩን ስሞላው ሦስት ቦታ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አንዱ ታንከሩን ባዶ የሚያደርገው ቫልቭ ነው፤ ያለው ከኋላ አልጋው ሥር ነው። ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎን ለጎን የወጡ ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ እጀታ አለው። ለሙከራ ግቢ ውስጥ ቆሞ ባደርንበት ሌሊት፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ግርርር ይልና ይቆማል። ልጆቹ እንቅልፍ አጡ፤ እኔም አጣሁ።

ቫልቮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ቱቦው ግራጫ ፕላስቲክ ነው። ጠበቅ ሳደርጋቸው ትንሽ ይቀንስና ተመልሶ ያው ነው። በጁላይ ቤተሰቡን ጭኜ ለኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል መሄድ አስቤያለሁ። ጋራዥ ጠይቄ የጠሩልኝ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። መሣሪያ መያዝ አያቅተኝም፤ ቧንቧ ግን ነክቼ አላውቅም። በራሴ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ ባለቧንቧው (ቨርጂኒያ)

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ትችላለህ። ግን ምንም ዕቃ ሳትገዛ በፊት ውሃው በትክክል ከየት እንደሚወጣ እወቅ።

ያለህ ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የታንከሩ መልቀቂያ ያለው ከፓምፑ በፊት ነው። እዚያ ውሃውን የሚገፋው የራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑ በራም ጠፋም ያንጠባጥባል። ቀዩና ሰማያዊው ግን ከፓምፑ በኋላ ናቸው። ቀዩ የሙቅ፣ ሰማያዊው የቀዝቃዛ መስመር መጨረሻ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተቀመጡ ማፍሰሻዎች ናቸው። ፓምፑ ሌሊት የሚነሳው በነዚህ በኩል ግፊት እየወረደ ስለሆነ ነው። የታንከሩ ቫልቭ ፓምፕ አያስነሳም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ፓምፑን አጥፋና የኩሽናውን ቧንቧ ከፍተህ ግፊቱን አስወጣ። ቫልቮቹን በጨርቅ አድርቃቸው። በያንዳንዱ ላይ ደረቅ ሶፍት ጠቅልል፤ አንዱን ከቱቦው ጋር የሚጋጠምበት አንገት ላይ፣ አንዱን አፉ ላይ፣ አንዱን እጀታው ሥር። ፓምፑን አብራና ሩብ ሰዓት ጠብቅ። አፉ ላይ ያለው ከራሰ የውስጥ መዝጊያው ደክሟል ማለት ነው። አንገቱ ከራሰ ጥፋቱ የመገጣጠሚያው ነው፤ ቫልቩን ብቻ ብትቀይር አይለቅህም። ውሃ ቱቦው ላይ ተንሸራቶ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ ከሶፍቱ ይልቅ ዓይንህን አትመን።

መልስ፦ እታለም (ሲያትል)

የታንከሩን ቫልቭ ቶሎ አትጣለው። የኔም እንደዚያው ያንጠባጥብ ነበር፤ ተጠያቂው በመዝጊያው ጎሚኒ ላይ የተጋገረው ነጭ የካልሲየም ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። ታንከሩን ባዶ አድርገህ፣ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ግንዱን አውጣው። ነጭ አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፈህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። የጎሚኒው ጠርዝ ከተቆረጠ ወይም እንደ ድንጋይ ከደረቀ ግን አቼቶ አያድነውም። ቀይረው፤ ዋጋው ሳንቲም ነው። ስትመልሰው ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ንካው። ቫዝሊን እንዳትቀባ፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

መልስ፦ ጡረተኛው ሹፌር (ዳላስ)

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ቫልቩ አወሩ፣ እኔን ያስፈራኝ ግን ግራጫው ቱቦ ነው። በ1991 መኪና ላይ ግራጫ ከሆነ ፖሊቡቲሊን የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1995 ድረስ በቤቶችና በሞተርሆሞች በብዛት ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ ክስ በክስ ሆኖ ቀረ። ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን በጊዜ ብዛት ያደርቀዋል፤ በተለይ መገጣጠሚያዎቹ ይሰነጠቃሉ። ቱቦው ላይ ጽሑፍ ፈልግ፤ «ፒቢ 2110» የሚል ካገኘህ እሱ ነው።

ደግሞ ኮሎራዶ ነህ። ሰውየው መኪናውን ውጭ አቁሞት ከከረመ፣ ማፍሰሻዎቹ ውስጥ የቀረ ውሃ በርዶ ነበር ማለት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ፕላስቲክ ቫልቭ ያንን አይችልም። ስንጥቁ ሲደርቅ አይታይም፤ ግፊት ሲያገኝ ነው የሚከፈተው። የእጅ ባትሪ ይዘህ ገላውን ዙሪያውን እየው።

አንድ ነገር አደራ። ቫልቩን ስትፈታ በአንድ ቁልፍ ቫልቩን፣ በሌላው መገጣጠሚያውን ያዝ። ቱቦው አብሮ ከዞረ ከግድግዳው በስተጀርባ ሌላ ቦታ ይሰበርብሃል። ያኔ ካቢኔ ማፍረስ ሊኖር ነው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። የሶፍቱን ሙከራ አደረግኩ። የታንከሩ ቫልቭ አፉ ላይ ብቻ ራሰ። ሰማያዊው አንገቱ ላይ፣ ከቱቦው ጋር የሚያያዝበት ቀለበት ሥር ነው። ቀዩ አፉም አንገቱም ደረቅ ነው፤ ግን ከእጀታው በታች ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር አለች። ፓምፑ ሲነሳ ከመስመሯ ላይ ጠብታ እንደ ላብ ይወጣል። ቱቦው ላይ ደግሞ ያሉት ጽሑፍ አለ፣ ፒቢ 2110። አሁን ምን ልግዛ?

መልስ፦ ሁልጊዜ መንገድ (ላስ ቬጋስ)

ለምን ትደክማለህ? የመልቀቂያዎቹ አፍ ጥርስ ካለው ክዳን ግጠምላቸው። ጥቂት ዶላር ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ዓመታት ነድቻለሁ።

መልስ፦ ባለቧንቧው (ቨርጂኒያ)

ክዳን የሚሠራው ከአፉ ለሚወጣ ውሃ ብቻ ነው። ለታንከሩ ቫልቭ መለዋወጫ እስኪገኝ ይሆናል፤ አልቃወምም። ሰማያዊው የሚያፈሰው ከአንገቱ፣ ቀዩ ደግሞ ከገላው ነው። አፋቸውን ብትደፍነው ምን ይጠቅማል? የተሰነጠቀውን ሙጫ ለመቀባትም አትሞክር፤ ግፊት ያለበት መስመር ላይ አይበረክትም።

ቀዩንና ሰማያዊውን አብረህ ቀይራቸው። ዝርዝሩ ይኸውልህ። ሁለት የነሐስ ቦል ቫልቭ፣ ግማሽ ኢንች፣ ሩብ ዙር የሚዞር ዓይነት። ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደና ከሊድ ነፃ የሚል ምልክት ያለበትን ግዛ። አሜሪካ ውስጥ ለመጠጥ ውሃ መስመር የሚሸጥ ዕቃ ከ2014 ጀምሮ በሕግ እንደዚያ መሆን አለበት፤ ከአሮጌ ዕቃ ሳጥን የተገኘ ቫልቭ ግን ላይሆን ይችላል። ከዚያ አጭር የፔክስ ቱቦ (ፒቢን የተካው የፕላስቲክ ቱቦ)፣ ግማሽ ኢንች። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ከፒቢ ወደ ፔክስ የሚያሸጋግር ማያያዣ። የሁለቱ ቱቦዎች የውስጥ ስፋት ስለሚለያይ ተራው የፔክስ ማያያዣ ፒቢው ውስጥ በትክክል አይቀመጥም። ተገፍተው የሚገጠሙት፣ እንደ ሻርክባይት ያሉትም ቢሆኑ፣ ለፒቢ ተብሎ የተሠራውን መርጠህ ውሰድ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ታንከሩንና ቦይለሩን ባዶ አድርግ። ቦይለሩ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ሙቅ ውሃ ፊትህ ላይ እንዳይመጣ። መኪናው ሥር ስትገባ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርግ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ። ግራጫውን ቱቦ ከድሮው መገጣጠሚያ ወደ ኋላ፣ ጤነኛው ቦታ ላይ ቁረጠው። በመጋዝ ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ይሁን፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ለስላሳ ካልሆነ ማያያዣው ውስጥ ያለውን ጎሚኒ ይቧጭረዋል። ማያያዣው ምን ያህል መግባት እንዳለበት ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግና ምልክቱ እስኪሸፈን ግፋ። በፔክሱ በኩል ቱቦውን ማያያዣው ላይ የሚያጠብቀውን የመዳብ ቀለበት ከጫፉ ከስምንተኛ እስከ ሩብ ኢንች አርቀህ በመጭመቂያው ጭመቅ። የቫልቩ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ሦስት አራት ዙር ጠቅልል፣ በሚጠብቅበት አቅጣጫ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ነሐስ ይከብዳል። ቫልቩን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ አትተወው፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር መገጣጠሚያውን ይጎትተዋል። በማቀፊያ ብረት ከወለሉ ጋር እሰረው።

የታንከሩን በእታለም መንገድ ጀምር። ካልሆነ መልሰህ የፕላስቲክ ቫልቭ ግጠም። ነሐስ ወደ ፕላስቲክ ታንከር ጥርስ ስታጠብቅ ታንከሩን የመሰንጠቅ ዕድል አለው፤ ያኔ የቫልቭ ዋጋ የታንከር ዋጋ ሆነ ማለት ነው። በእጅህ እስኪጠብቅ፣ ከዚያ አንድ ዙር ገደማ በቁልፍ፣ በቃ።

መልስ፦ ባለካራቫኑ (ፍራንክፈርት)

ለጠያቂው ባይሆንም አውሮፓ ላለ ሰው ይጠቅማል። ትሩማ ቦይለር ያላችሁ፣ ብርድ ባለበት ጠዋት ውሃው በሙሉ መሬት ላይ ፈሶ ብታገኙት ቫልቭ ተበላሸ ብላችሁ አትሩጡ። ፍሮስት ኮንትሮል የሚባለው መከላከያ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ራሱ ይከፈትና ቦይለሩን ባዶ ያደርጋል። ራሱ ግን መልሶ አይዘጋም፤ በእጅ መዝጋት የሚቻለው አካባቢው ከ7 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከአትላንታ

ጣልቃ ልግባና፣ የእኔ ንጹሁ ደህና ነው። የሚያንጠባጥበው የቆሻሻው መልቀቂያ ነው። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ጫማዬ ላይ ይፈሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጡረተኛው ሹፌር (ዳላስ)

እሱ ሌላ ዓይነት ነው፣ ተስቦ የሚከፈት ምላጭ ያለው። ከምላጩ ግራና ቀኝ ሁለት ጎሚኒ አለ። ወይ ተበልተዋል ወይ ወረቀት ነገር መሃል ገብቶ ምላጩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ታንከሩን አፍስሰህ ደጋግመህ እጠበውና ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ አራት ቡሎን ፈትተህ ቫልቩንና ጎሚኒዎቹን አንድ ላይ ቀይር። ጓንት እንዳይረሳ!

ጠያቂው

ሠራሁት። ቀዩና ሰማያዊው አዲስ ሆኑ፤ ሶፍቱ ደረቅ ነው። የታንከሩ ጎሚኒ እንደተባለው ደርቆ ነበር፣ ቀየርኩት። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። ፓምፑ ዝም አለ ማለት ይቻላል፤ ግን ሌሊት አንድ ጊዜ ግር ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ታንከሩን ለልጆች ከመሙላቴ በፊት እንዴት ላጽዳው?

መልስ፦ ባለቧንቧው (ቨርጂኒያ)

ጎበዝ! ሁሉም ደረቅ ሆኖ ፓምፑ ከተነሳ ሽንት ቤቱን እይ። የውሃ ማስገቢያው ትንሽ ካሾለከ ሳህኑ ውስጥ ይገባል እንጂ መሬት ላይ አይታይም። ሳህኑን በሶፍት አድርቀህ እደር፣ ጠዋት ይነግርሃል። እዚያም ደረቅ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ ያለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ደክሞ ውሃ ወደ ታንከሩ እየመለሰ ነው።

ካምፕ ስትደርስ ከሜዳው ቧንቧ ጋር በቀጥታ እንዳታገናኘው። ግፊቱን ከ40 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) ወዳለው መጠን የሚያወርድ የግፊት መቀነሻ አድርግ። አንዳንድ ካምፕ ግፊቱ ያበደ ነው፤ የቀረው ግራጫ ቱቦህ አይችለውም። ከካምፑ ስትወጣ፣ ስትተኛም ጭምር፣ የውጭውን ቧንቧ ዝጋ። ገንዘብ ስታገኝ የሙቁን መስመር በሙሉ ወደ ፔክስ ቀይረው።

መልስ፦ እታለም (ሲያትል)

ለጽዳቱ በረኪና ነው፤ ሽቶ የሌለበት፣ ምንም ያልተጨመረበት። ለ15 ጋሎን የታንከር ውሃ ሩብ ኩባያ ይበቃል። በረኪናውን መጀመሪያ በባልዲ ውሃ በጥብጠህ ነው የምትጨምረው። ታንከሩን ሙላው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቧንቧ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ ሻወሩንም፣ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ክፈትና ዝጋ። የውሃ ማጣሪያ ካለህ ቀድመህ አውጣው። ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በአዲሶቹ ቫልቮች አፍስሰህ ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ አለቅልቀው። ሽታው እምቢ ካለ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ሙላና አፍስስ።